በሐራጅ ቤት መግዛት፦ ከማስታወቂያው እስከ ካርታው

ደብረ ማርቆስም ሆነ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ሞጣ፣ የሐራጅ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ በኩር ጋዜጣ ላይም ይወጣል። ስታገኙት መጀመሪያ ሻጩ ማን እንደሆነ ለዩ። ፍርድ ቤት ከሆነ የአፈጻጸም (ፍርዱን የማስፈጸሚያ) መዝገብ አለው። ባንክ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ለባለዕዳው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ በመያዣ የያዘውን ንብረት ራሱ ይሸጣል። ሲፒኦው (ባንክ ገንዘቡን ተቀብሎ የሚሰጠው የክፍያ ማዘዣ) በማን ስም እንደሚሠራና የስም ማዛወሪያ ደብዳቤውን ማን እንደሚጽፍ የሚወስነው ይህ ነው።

ቀጥሎ ቤቱን እዩ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የምትገዙት ቤቱንና የይዞታ መብቱን ነው። ይዞታው ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ እንዳለ ማዘጋጃ ቤት ጠይቁ። የፍርድ ቤት ሐራጅ ከሆነ «ንብረቱ የእኔም ነው» ብሎ ተቃውሞ ያቀረበ ሰው መኖር አለመኖሩን ከመዝገብ ቤት አጣሩ። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው የጉብኝት ቀን ለእኔ አይበቃኝም፤ በሌላ ቀን ወደ ማታ ሄዳችሁ ማን እንደሚኖርበት እዩ፣ ጎረቤት አነጋግሩ።

ገንዘቡ ላይ ረጋ በሉ። አብዛኛው ማስታወቂያ የመነሻውን ዋጋ ሩብ በሲፒኦ አስይዙ ይላል። መነሻው 800 ሺህ ብር ከሆነ 200 ሺህ ማለት ነው። ይህን ሰው ሁሉ ያዘጋጃል። የሚከብደው ቀሪው ነው፤ ባሸነፋችሁ በ15 ቀን ውስጥ ተጠቃሎ መግባት አለበት። 15 ቀን ሲባል ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራል።

እኔ በ2010 ዓ.ም. አንድ የወፍጮ ቤት በ1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር አሸነፍሁ። ቀሪውን 1 ሚሊዮን እሞላለሁ ብዬ ያሰብሁት ከወንድሜ በቆሎና ከአንድ የቁጠባ ማኅበር ብድር ነበር። በቆሎው ተሸጠ። ማኅበሩ ግን መያዣ ጠየቀኝ። «የገዛሁትን ወፍጮ ቤት ያዙት» አልሁ። ካርታው በስሜ አልነበረም፤ በስሜ የሚሆነው ደግሞ ከፍዬ ስጨርስ ነው። 15ኛው ቀን አለፈ፣ ሽያጩ ተሰረዘ፣ ያስያዝሁት 200 ሺህ ብር በዚያው ቀረ። እናቴ ሁለት በሬዎቿን ሸጣ የሰጠችኝ ገንዘብ እዚያ ውስጥ ነበረበት። በፍርድ ቤት ሐራጅ ደግሞ ጣጣው እዚያ ላይ አያበቃም፦ ንብረቱ ዳግም ሲሸጥ ዋጋው ካነሰ ልዩነቱንም የሚጠየቀው መክፈል ያቃተው ገዥ ነው።

ስለዚህ ቀሪው ገንዘብ ሐራጁ ከመካሄዱ በፊት በእጃችሁ ይሁን። በብድር የምትሞሉ ከሆነ መያዣው አሁን በስማችሁ ያለ ንብረት ይሁን፤ ብድሩ መፈቀዱንም በጽሑፍ ያዙ። አንዳንድ ባንክ ለገዥው ብድር እንደሚያመቻች ማስታወቂያው ላይ ይጽፋል፤ ካልጻፈ ግን በተስፋ አትጫረቱ። የስም ማዛወሪያውን ወጪ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚጠየቅበት ንብረት ከሆነም 15 በመቶውን አስቀድማችሁ ደምሩበት።

በዕለቱ መታወቂያና ሲፒኦ ይዛችሁ በሰዓቱ ድረሱ። ከዚህ በላይ አልሄድም የምትሉትን ዋጋ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። ደጃፍ ላይ «እኔ ልተውልህ፣ አንተ ይህን ያህል ስጠኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። እሺ አትበሉት። ዕዳው ተከፍሎ የሚተርፈው ገንዘብ ለባለዕዳው ነው የሚመለሰው፤ በሽርክና ዋጋው በወረደ ቁጥር የሚጎዳው ቤቱን ያጣው ቤተሰብ ነው።

ከፍላችሁ ስትጨርሱ ደረሰኙንና ለማዘጋጃ ቤት የተጻፈውን ደብዳቤ ግልባጭ ተቀበሉ። ቤቱ ውስጥ ሰው ካለ ደላላ ምንም ቢመክራችሁ ቁልፍ አትስበሩ። ባንክ ከሸጠላችሁ ባንኩ እንዲያስረክባችሁ በደብዳቤ ጠይቁ፤ ፍርድ ቤት ከሆነ አፈጻጸም ችሎቱ የማስረከቢያ ትእዛዝ እንዲሰጥ አመልክቱ።