በረጅም ሩጫ ከላብ ጋር የሚወጣውን ጨው እንዴት እንደሚተኩ

ሱሉልታ ሜዳ ላይ ወይም እንጦጦ ጫካ ውስጥ በንጋት የሚሮጥ ሰው ብዙ ያላበው አይመስለውም። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ በበጋ ወራት ደግሞ ደረቅና ነፋሻ ስለሚሆን ላቡ ከቆዳ ላይ ወዲያው ይተናል። ሱሉልታ 2700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ እንጦጦ ከ3000 ሜትር ያልፋል፤ እዚያ ትንፋሽ ስለሚፈጥን ውሃ በአፍና በአፍንጫም ይወጣል። ሯጩ ቤቱ ሲገባ ቲሸርቱ ደርቋል፣ የኮፍያው ጠርዝ ላይ ግን ነጭ መስመር ተሠርቷል። ያ ነጭ ነገር ጨው ነው።

ከላብ ጋር በብዛት የሚወጡት ሶዲየምና ክሎራይድ ናቸው፤ የምግብ ጨው ማለት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ፖታሲየም፣ ማግኒዚየምና ካልሲየም የሚወጡት በጥቂቱ ስለሆነ የዕለት ምግብ ይተካቸዋል። ሩጫው ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ ከሆነም ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ውሃና ቁርስ ይበቃል። ከዚህ በታች ያለው አንድ ሰዓት ተኩልና ከዚያ በላይ ለሚሮጡ ነው።

መጀመሪያ ላብዎን ይለኩ። ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉም አስበልጠዋለሁ፤ ምክንያቱም በአንድ ሊትር ላብ 500 ሚሊግራም ገደማ ሶዲየም የሚያወጣ ሰው አለ፣ ከ1500 የሚያልፍም አለ። የላቡም መጠን በሰዓት ከግማሽ ሊትር እስከ ሁለት ሊትር ይለያያል። የጓደኛን ልክ መቅዳት ስለዚህ አይሠራም። ሽንት ቤት ከገቡ በኋላ በትንሽ ልብስ ይመዘኑ፣ አንድ ሰዓት በተለመደ ፍጥነትዎ ይሩጡ፣ ላብዎን በፎጣ አድርቀው እንደገና ይመዘኑ። 60 ኪሎ የነበረ ሰው 59.1 ሆኖ ከተመለሰና በመንገድ ላይ 300 ሚሊ ሊትር ከጠጣ፣ በሰዓት ያላበው 1.2 ሊትር ነው። ቤትዎ ሚዛን ከሌለ የመንገድ ዳር ሚዛን ይሠራል፤ ብቻ በፊትም በኋላም ያው አንዱ ሚዛን ይሁን፣ የረጠበውን ቲሸርትም ቀይረው ይውጡበት፤ ልብስ ላይ የቀረ ላብ ቁጥሩን ያሳስታል። ልኬቱን አንድ ጊዜ በብርዱ እንጦጦ፣ አንድ ጊዜ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ዝቅ ወዳለው አቃቂ ቢያደርጉት ልዩነቱን ያዩታል። የጨውዎን መጠን ደግሞ ልብስዎ ይነግርዎታል፤ ጥቁር ቲሸርት ለብሰው ሲሮጡ ነጭ ካርታ የሚሠራብዎት ከሆነ፣ ላብ ዓይንዎን በጣም የሚያቃጥል ከሆነ፣ ጨው ከሚበዛባቸው ሰዎች ወገን ነዎት።

ቀጥሎ መጠጡን ያዘጋጁ። አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የታሸገ ውሃ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው፣ አራት ያልተከመረ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ። ስኳሩን በሦስት የሾርባ ማንኪያ ማር መተካት ይቻላል። ይህ 600 ሚሊግራም ገደማ ሶዲየምና 50 ግራም ገደማ ስኳር ይሰጣል። ስኳሩ የገባው ለጣዕምና ለጉልበት ብቻ አይደለም፤ ሶዲየምና ግሉኮስ በአንጀት ግድግዳ አብረው ሲያልፉ ውሃውን ይዘውት ይገባሉ። ከዚህ በላይ ካጣፈጡት ግን ሆድ ውስጥ ይቆያል፣ ሲሮጡም ይረብሻል። ጨው የሚበዛባቸው እስከ ሲሶ የሻይ ማንኪያ ማድረስ ይችላሉ። ከመጠጣትዎ በፊት ቅመሱት፤ ከእንባ በላይ ጨዋማ ከሆነ ውሃ ይጨምሩ። የጨው ቅንጣት ትልልቅ ከሆነ ማንኪያው ልኩን አይይዝም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ይፍጩት። ፋርማሲ የሚሸጠው ኦአርኤስ፣ ሕይወት አድን የምንለው፣ ጨው የበዛበትና ስኳር ያነሰበት ነው፤ ከከባድ ሩጫ በኋላ ጥሩ ነው፣ በሩጫ መሃል ግን ጉልበት አይሰጥም። ፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውሃ መጠን ብቻ ይበጥብጡት። ለስላሳና አምቦ ውሃ ጋዛቸው ሆድ ስለሚነፋ ሩጫው እስኪያልቅ ይቆዩ።

አሁን ወደ አጠጣጡ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ይጀምሩ፣ በየ20 ደቂቃው ሦስት አራት ጉንጭ፣ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጠጡ። የወጣውን ሁሉ በመንገድ ላይ ለመተካት አይሞክሩ፤ ከሰውነት ክብደት ከ2 በመቶ በላይ አለመቀነስ በቂ ነው፣ ለ60 ኪሎ ሰው 1.2 ኪሎ ማለት ነው። በሰንዳፋ አስፋልት ታዋቂ ሯጮችን መኪና ይከተላቸዋል፣ መጠጥ ከመስኮት ይቀበላሉ። መኪና ለሌለን ግን መንገዱን በዙር መሥራት ይሻላል፤ ግማሽ ሊትሩን ሃይላንድ የሚያውቁት ሱቅ አስቀምጠው በየዙሩ ያገኙታል። ለውድድር ቀን አዲስ መጠጥ አይሞክሩ፤ ሆድዎ በልምምድ የለመደውን ይያዙ።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፤ ውሃ አብዝቶ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም ስለሚያቀጥነው ሊገድል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 የቦስተን ማራቶን ላይ ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች 13 በመቶው የሶዲየም መጠናቸው ከጤናማው በታች ወርዶ ተገኝቷል፤ ብዙ የጠጡት፣ በሩጫው ክብደት የጨመሩትና ከአራት ሰዓት በላይ የቆዩት ይበልጥ ተጋልጠው ነበር። ጨው የተጨመረበት መጠጥም ቢሆን ከመጠን ካለፈ አያድንም። ከሩጫ በኋላ ክብደትዎ ጨምሮ ካገኙት አጠጣጥዎን ይቀንሱ። ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የእጅ ማበጥና ግራ መጋባት የታየበትን ሯጭ ውሃ አይስጡት፤ ፈጥነው ሐኪም ቤት ያድርሱት።

ሩጫው እንዳለቀ ለጠፋው ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1.25 እስከ 1.5 ሊትር በሁለት ሦስት ሰዓት ውስጥ ቀስ እያሉ ይጠጡ። ከዚህ ላይ ምግብ ዋና ነው። በሶ በውሃ በጥብጦ፣ ቁንጥር ጨውና ማር ጨምሮ መጠጣት ሯጮቻችን ከጥንት የሚያውቁት ነው፤ ከውጭ ከሚመጣ ውድ ዱቄት አላሳንሰውም። ሽሮ በእንጀራ ጨዉን ይመልሳል፣ ድንችና ሙዝ ፖታሲየሙን።

በጾም ወራት ረጅሙን ሩጫ ከመፍቻው ሰዓት ትንሽ ቀደም አድርገው ያውሉት፤ ሲጨርሱ ወዲያው መተካት ይችላሉ። በረመዳንም ወደ መግሪብ የተጠጋው ሰዓት ይመረጣል። የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለብዎት ከሆነ ግን ጨው ከመጨመርዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።