ወላጅንም ልጅንም በአንድ ትከሻ፦ የቤተሰብ ተንከባካቢዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ሰው ያረጁ ወላጆቹን እየጦረ ልጆቹን ሲያሳድግ፣ ማለዳ የእናቱን መድኃኒት ሰጥቶ፣ ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ ወደ ሥራው ሲሮጥ የሚያዩት ሰዎች ይመርቁታል እንጂ መቼ እንደሚያርፍ አይጠይቁትም፤ እርሱም አይናገርም። ዶሮቲ ሚለር የተባሉ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት ጽሑፍ፣ ከላይም ከታችም ጫና ያለባቸውን እነዚህን ሰዎች “የሳንድዊች ትውልድ” ብለዋቸዋል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከፍቅር ነው፤ ለማረም የሚከብዱትም ስለዚህ ነው።

ደክሞኛል ማለትን እንደ ክህደት መቁጠር

ብዙ ጧሪዎች ድካማቸውን መናገር ወላጅን እንደ መካድ ስለሚመስላቸው፣ እንቅልፋቸውንና የራሳቸውን ሕክምና “ይህ ጊዜ እስኪያልፍ” እያሉ ያዘገያሉ፤ ጊዜው ግን ዓመታት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣ ጥናት፣ የመርሳት በሽታ ያለባቸውን ዘመዶቻቸውን በሚያስታምሙ 13 ሴቶች ቆዳ ላይ ለምርምር የተደረገ ትንሽ ቁስል፣ ከማያስታምሙ እኩዮቻቸው ይልቅ ለመዳን በአማካይ 9 ቀን ያህል ዘግይቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የትዳር አጋሮቻቸውን ከሚያስታምሙ አረጋውያን መካከል ጫናው የተሰማቸው፣ በ4 ዓመት ክትትል ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ከማያስታምሙት በ63 በመቶ ከፍ ብሎ አግኝቶታል፤ እያስታመሙ ጫና ባልተሰማቸው ላይ ግን እንዲህ ያለ የጎላ ልዩነት አልታየም። ለእኔ ከቁጥሩ ይልቅ ይህ የመጨረሻው ነጥብ ይበልጥብኛል፤ ጎጂው ማስታመሙ ራሱ ሳይሆን ከአቅም በላይ መጨነቁ እንደሆነ ይጠቁማልና። ስለዚህ የአስታማሚው የሐኪም ቀጠሮ ከእናቱ ቀጠሮ ጋር በአንድ ማስታወሻ ላይ መጻፍ፣ በእኩል ጥብቅነትም መከበር አለበት።

ሥራውን አካፍሎ ሐሳቡን ብቻውን መያዝ

ወንድምና እኅት ባሉበት ቤት እንኳ ጭነቱ አብዛኛውን ጊዜ በአንዱ ላይ፣ በተለይም በሴት ልጅ ላይ ይወድቃል። እርሷም ትዕግሥቷ ሲያልቅ “ማንም አያግዘኝም” ትላለች፤ ሌሎቹ “ምን እናድርግ?” ይላሉ፤ ለማስረዳት መድከሙን ስለምትጠላው “ተዉት፣ ራሴ አደርገዋለሁ” ብላ ትዘጋዋለች። እገዛ ሲጠየቅ ሥራው፣ ቀኑና ኃላፊው ተለይተው ሊታወቁ ይገባል። ይህም ቢሆን ግማሽ መፍትሔ ነው። ታናሽ ወንድም በወር አንድ ጊዜ አባቱን ወደ ሕክምና ቢወስድ፣ ቀጠሮውን የምታስታውሰው፣ የምርመራ ወረቀቱን የምትፈልገው፣ መድኃኒቱ መቼ እንደሚያልቅ የምትቆጥረው ግን እርሷ ከሆነች፣ ከእርሷ ላይ የቀነሰላት መንገዱን ብቻ ነው። የሚካፈለው ሥራ ከነማስታወሱ መሰጠት አለበት፤ ወንድሙ ቢሳሳትም፣ በእርሷ መንገድ ባይሠራውም፣ አደጋ እስካላመጣ ድረስ መተው ያስፈልጋል። ይህ ከሁሉ የሚከብደው ክፍል ይመስለኛል።

ለውጡን ሁሉ “እርጅና ነው” ብሎ ማለፍ

ወላጅንም ልጅንም የሚጠብቅ ሰው ፋታ ስለሌለው፣ ለአዲስ ምልክት ፈጣን ማብራሪያ ይሰጣል። ይሁን እንጂ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት የመጣ ግራ መጋባት፣ የትናንቷን እናት የማትመስል ድብታ ወይም ቅዠት ከዝግተኛው የመርሳት በሽታ የተለየ ነገር ነው። ከበስተኋላው ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ፈሳሽ ማነስ፣ የሆድ ድርቀት ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊኖር ይችላል፤ ምክንያቱ ቶሎ ከተገኘም ብዙ ጊዜ ይሻላል። ስለዚህ አስቸኳይ ሕክምና ይፈልጋል። አምስትና ከዚያ በላይ መድኃኒት በሚወስዱ አረጋውያን ላይ አንዱ መድኃኒት ከሌላው ጋር የመጋጨቱ ዕድል ስለሚጨምር፣ ያለ ማዘዣ የተገዛውንና የባህል መድኃኒቱን ጭምር ከነመጠኑ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ለእያንዳንዱ ሐኪም ማሳየት ተገቢ ነው።

አረጋዊውን እንደ ሕፃን መያዝ

ልጁን አልብሶ የሚቸኩል ወላጅ፣ እናቱንም በዚያው እጅ ቢያለብሳት ጊዜ ያተርፋል። ሆኖም ያረጀ ጡንቻ ሥራ ሲያቆም በፍጥነት ይደክማል፤ ራሷ መቆለፍ የምትችለውን ቁልፍ ዛሬ የቆለፈላት ሰው፣ ውሎ አድሮ ሙሉ በሙሉ ሊያለብሳት ይገደዳል። ሐኪሙ ፊት በእርሷ ፈንታ መመለስም እንዲሁ ነው፤ አስቀድማ ትናገር፣ የቀረውን ልጅ ይሙላ።

ውክልናንና ፍላጎትን አለመነጋገር

ይህ አጭር ነው፤ ሕጋዊ ውክልና የሚሰጠው ሰጪው የሚያደርገውን መረዳት በሚችልበት ጊዜ ነው። ርእሱን ማንሣት ሞት መመኘት የሚመስላቸው ልጆች ዝም ሲሉ ያ ጊዜ ያልፋል፤ ከዚያም ወላጅ ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚሻ ወንድማማቾች በግምት ይከራከራሉ።

ከልጆች መደበቅ፣ ወይም ልጆችን ረዳት አስታማሚ ማድረግ

ልጆች በቤት ውስጥ ያለውን ጭንቀት ያያሉ። ካልተነገራቸው፣ የእናታቸው ቁጣ ወይም የአያታቸው ዝምታ በእነርሱ ጥፋት የመጣ ይመስላቸዋል። በተቃራኒው ደግሞ ከጎረምሳ ልጅ ትከሻ ላይ አያትን የማንሣትና ሌሊት የመጠበቅ ሥራ የሚጭኑ ቤቶች አሉ፤ ልጁ ስለማያማርር የሚችል ይመስላል፤ ትምህርቱ ሲዳከምና ከጓደኞቹ ሲርቅ ግን ምክንያቱ ይረሳል። ለልጅ የሚሰጥ ሥራ በዕድሜው የሚችለውና መጨረሻው የታወቀ ይሁን፤ ለምሳሌ ከአያቱ ጋር ግማሽ ሰዓት ፎቶግራፍ ማየት። “አያቴ ስሜን የረሱት ስለማይወዱኝ ነው?” ብሎ ሲጠይቅም፣ ስሙን ያስረሳቸው በሽታ እንደሆነ፣ ነገም ሊረሱት እንደሚችሉ፣ እጃቸውን ሲይዝ ግን ደስታው ፊታቸው ላይ እንደሚታይ እውነቱን ይንገሩት።