የፓኒክ ቫልዩ ገደብ ሲወጣ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ፓኒክ ቫልዩ ከመደበኛው የወጣ የላቦራቶሪ ውጤት ሁሉ አይደለም። ተረኛው ሐኪም ከተኛበት ተነስቶ አሁኑኑ አንድ ነገር ሊያደርግ የሚገባው ቁጥር ነው። ሶዲየም 132 ሆነ ብሎ የሚያስደውል ገደብ ካወጣችሁ፣ 118 የወጣ ሌሊትም ስልኩን የሚያነሳ አይኖርም። ለአዋቂ መነሻ የሚሆኑት እነዚህ ናቸው፦ ሶዲየም ከ120 በታችና ከ160 በላይ፣ ፖታሲየም ከ2.5 በታችና ከ6.5 በላይ፣ ሁለቱም በሚሊሞል በሊትር። ከሐኪሞቹ ጋር ተቀምጣችሁ አጽድቋቸው። ለጨቅላ ሕፃን ለብቻው ይውጣ።

ፖታሲየም ላይ ግን ገደቡ ብቻውን ምንም አይፈይድም፤ ይህን ስንት ጊዜ መናገር እንደሚያስፈልግ እንጃ! ከመንዝ ጤና ጣቢያ ጠዋት የተቀዳ ደም ሴረሙ (ከረጋ ደም የሚለየው ፈሳሽ) ሳይለይ በበረዶ ሳጥን ይጫንና ከሰዓት ሆስፒታል ይደርሳል። ውጤቱ 7.1። ሴረሙ ሕዋስ እንደፈረሰበት ደም ቀላ አላለም፣ ጥርት ያለ ነው፤ ስለዚህ ይታመናል። ጉዱ ያለው ቅዝቃዜው ላይ ነው። ፖታሲየምን ወደ ሕዋሱ የሚመልሰው ፓምፕ ሲቀዘቅዝ ይደክማል፣ ፖታሲየሙም ሕዋሱ ሳይፈርስ ወደ ሴረሙ ይወጣል። በደብረ ብርሃን የኅዳር ውርጭማ መስኮት ሥር ያደረ ቱቦ ፍሪጅም አያሻው። ደሙ በክፍል ሙቀት 30 ደቂቃ ይርጋ፤ በ2 ሰዓት ውስጥ በሴንትሪፉጅ ለዩት፤ ሴረሙን ወደ ሌላ ቱቦ ገልብጡ፤ ከዚያ በኋላ ቢቀዘቅዝ ግድ የለም። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ሳይለይ የዋለ ደም ግሉኮሱ በየሰዓቱ እየወረደ የጤነኛውን ሰው ውጤት ፓኒክ ቫልዩ ውስጥ ያስገባዋል።

ፖታሲየም ከፍ፣ ካልሲየም በጣም ዝቅ ካለ ከሐምራዊው ቱቦ ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኬሚካል) ገብቶበታል። ቢሆንም ሌላ ሳምፕል እስኪመጣ ስልኩን አታዘግዩ፤ «7.1 ወጥቷል፣ ሳምፕሉ ያጠራጥራል፣ አሁኑኑ ሌላ ላኩ» በሉ።

ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዳው ሕዋስ) 18 ሺህ ሲወጣ መጀመሪያ ስላይዱን በማይክሮስኮፕ እዩ፤ ተሰባስቦ ተጣብቆ ይሆናል።

«እዚህ ከፍታ ነው» ብሎ የሄሞግሎቢንን የላይኛ ገደብ ማንሳትም የተለመደ ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ እውነት ነው። ግን በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር በሚኖሩ ሰዎች ላይ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የወንዶቹን አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9 ግራም በዴሲሊትር ነው ያገኘው። ሃያ የገባ ሄሞግሎቢን በከፍታ አይታለፍም።

መለኪያውን ሳያዩ ገደብ መሙላት፦ 45 ሚሊግራም በዴሲሊትር ግሉኮስ 2.5 ሚሊሞል በሊትር ነው። ማሽኑ በሚሊሞል እያነበበ 45 ብላችሁ ከሞላችሁ ሁሉም በሽተኛ ዝቅ ብሎ ይጮኻል። ማሽኑ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት በቁጥር ፈንታ «ሃይ» (ከፍተኛ) ብሎ የጻፈው ደግሞ ጭራሽ ላይጮኽ ይችላል፤ በእጅ ሞክሩት።

መዝገቡ ላይ «ተነግሯል» ብቻ መጻፍ አይበቃም። የካርድ ቁጥር፣ ውጤት፣ ሰዓት፣ የተቀባዩ ስም ይጻፍ፤ ተቀባዩም የሰማውን መልሶ ያንብብ። ተረኛው በ10 ደቂቃ ውስጥ ካላነሳ ቀጥሎ ለማን እንደሚደወል ስልኩ አጠገብ ለጥፉ፤ ሰው ይቀየራልና በስም ሳይሆን በሥራ መደቡ።