የፋክስ አጭር ቁጥር አልሠራ ሲል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በፋክስ ማሽን ላይ የተመዘገበ አጭር ቁጥር፣ ማለትም ስፒድ ዳያል፣ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ አይበላሽም። ማሽኑ የሚደውለው ሰው የሰጠውን ነው፤ የጎደለ ነገር ካለም እንደጎደለ ይደውላል። ስለዚህ ጥገና ከመጥራት በፊት የተመዘገበውን ዝርዝር በወረቀት ያትሙ። ሜኑ ውስጥ ሪፖርት በሚለው ሥር ይገኛል፤ እንደ ሞዴሉ ቴል ኢንዴክስ ወይም ስፒድ ዳያል ሊስት ይባላል። ጠባቡ ስክሪን ረጅም ቁጥርን ጫፉን ቆርጦ ስለሚያሳይ በእሱ ብቻ አይፍረዱ። ወረቀቱ ላይ እያንዳንዱ አሃዝና ምልክት ይወጣል።

በእጅ ሲደወል ይሄዳል፣ በአጭር ቁጥር አይሄድም

ከሁሉም የሚበዛው ችግር ይህ ነው። ቢሮው በፒኤቢኤክስ፣ ማለትም የውስጥ ስልኮችን ከውጭ መስመር ጋር በሚያገናኝ መሣሪያ፣ የሚሠራ ከሆነ ወደ ውጭ ለመደወል መጀመሪያ 9፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ 0 ይነካል። ሰው እጀታውን አንሥቶ 9 ሲነካ የውጩ ቶን እስኪመጣ ሳያስበው ቆም ይላል፤ ቀሪውን የሚደውለው ከዚያ በኋላ ነው። ማሽኑ ግን ያችን ቆይታ ካልነገሩት አያውቃትም። 9ኙንና ተከታዮቹን 10 አሃዞች ሳይተነፍስ ያከታትላቸዋል። ፒኤቢኤክሱ የውጭ መስመር እስኪይዝ ድረስ የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት አሃዞች ስለሚባክኑ 011 የነበረው 11 ወይም 1 ሆኖ ይወጣል። ከዚያ የሚሰማው ቁጥሩ ስህተት ነው የሚል የተቀዳ ድምፅ ነው፤ ሲብስም የማይመለከተው ሰው ስልክ ይጠራል።

መፍትሄው ቆይታዋንም አብሮ መመዝገብ ነው። 9 ካስገቡ በኋላ ፖዝ የሚለውን ቁልፍ አንዴ ይጫኑ፤ ብዙ ጊዜ ከሪዳያል ጋር በአንድ ቁልፍ ላይ ተጽፏል። በብራዘርና በአንዳንድ ፓናሶኒክ ስክሪን ላይ ሰረዝ ሆኖ ይታያል፣ በካነን ደግሞ የፒ ፊደል። በብራዘር ማሽኖች አንዱ ፖዝ ብዙውን ጊዜ 3.5 ሰከንድ ነው። ፒኤቢኤክሱ አርጅቶ መስመር ለመያዝ የሚዘገይ ከሆነ ሁለት ፖዝ ያስገቡ። ከዚያ 011ን ጨምሮ 10ሩንም አሃዝ ይጻፉ።

ፖዙ መብቃቱን ለማወቅ ወረቀት ሳያስገቡ ሁክ ወይም ሞኒተር የሚለውን ቁልፍ ተጭነው አጭር ቁጥሩን ይጥሩና በድምፅ ማጉያው ያዳምጡ። ትክክለኛው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ የውስጡ ቶን፣ የ9 ድምፅ፣ ጸጥታ፣ ሁለተኛው ቶን፣ ከዚያ ተከታታይ አሃዞች። ሁለተኛው ቶን ሳይመጣ አሃዞቹ ከጀመሩ አንድ ፖዝ ይጨምሩ። እንዳዳመጡ ማንም ሳያነሣ ስቶፕን ይጫኑ።

አንድ ወጥመድ አለ። ቁጥሩ ለዓይን እንዲመች ብለው ከ011 በኋላ፣ ከዚያም በየሁለት አሃዙ መካከል ሰረዝ የሚያስገቡ አሉ። ያ ሰረዝ ግን ለንባብ የገባ ምልክት አይደለም፤ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ፖዝ ነው። ሦስት ሰረዝ በመሐል ከገባ ከ10 ሰከንድ በላይ ይባክናል፣ ማዞሪያውም ቁጥሩ ያለቀ መስሎት መስመሩን ይዘጋል። ሰረዝ ከ9 ቀጥሎ ብቻ ይኑር፤ ፋክሱ ፒኤቢኤክስ ሳያልፍ በቀጥታ መስመር ላይ ከሆነ 9ኙም ሰረዙም አያስፈልጉም።

ፋክሱ ከፒኤቢኤክስ ወደ ቀጥታ መስመር ወይም ከቀጥታ ወደ ፒኤቢኤክስ በተዛወረ ማግስት ሁሉም አጭር ቁጥሮች በአንድ ጊዜ እምቢ ካሉም ምክንያቱ ይኸው 9 ነው። ብዙ ጊዜ መፍትሄው አንድ በአንድ ማስተካከል ነው።

የከተማ ውስጥ ይሄዳል፣ ክፍለ ሀገርና ውጭ አገር አይሄድም

የፋክሱ የውስጥ መስመር በፒኤቢኤክሱ ላይ ተገድቦ ሊሆን ይችላል። አጎራባች ጠረጴዛ ያለው ስልክ መሥራቱ ማረጋገጫ አይሆንም፤ እያንዳንዱ ኤክስቴንሽን የራሱ ፈቃድ አለው። ተራ ስልክ አምጥተው ከፋክሱ ሶኬት ላይ ይሰኩና ያንኑ ቁጥር ይደውሉ። ካልሄደ ጉዳዩ የፒኤቢኤክስ ባለሙያው ነው።

ኖት ሬጂስተርድ (አልተመዘገበም) ይላል

ወይ ቁጥሩ ሳይቀመጥ ቀርቷል፣ ወይ አጠራሩ ተሳስቷል። የምዝገባው መንገድ በአብዛኛው ማሽን አንድ ዓይነት ነው፦ ሜኑ፣ ስፒድ ዳያል፣ አጭር ቁጥሩ የሚቀመጥበት የቦታው ቁጥር፣ ሴት (Set የሚለው ቁልፍ)፣ የፋክስ ቁጥሩ፣ ሴት፣ ስም፣ ሴት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጨረሻዋ ላይ ነው። ስሙን ጽፎ ሴትን ሳይጫን በስቶፕ ይወጣና ምዝገባው ይጠፋል። ስሙን በላቲን ፊደል መጻፍ ካስቸገረ ባዶውን በሴት ይለፉት፤ ያለ ስምም ይደውላል።

ሲጠሩት ቦታ 5ን በ05 ይጥሩ፤ ባለ ሁለት አሃዝ ቦታ ያለው ማሽን 5 ብቻ ሲባል ሁለተኛውን አሃዝ ይጠብቃል። በብዙ ብራዘር ሞዴሎች ደግሞ ከስፒድ ዳያል ቁልፍ በኋላ የ# ምልክት ይቀድማል።

ተልኳል ይላል፣ የተላከለት ግን አልደረሰኝም ይላል

ይህን በቁም ነገር ይያዙት፤ ደመወዝ ወይም የባንክ ሰነድ በማይመለከተው ቢሮ ወለል ላይ ሊገኝ ይችላል። ሪፖርቱ ላይ ኦኬ የሚለው ቃል የሚያረጋግጠው አንድ ፋክስ ማሽን ገጹን መቀበሉን ብቻ ነው፤ የማን ማሽን መሆኑን አይደለም። አንዳንድ ማሽን በሪፖርቱ ላይ የተቀባዩን መለያ ቁጥር ያትማል። ያንን ከደብዳቤው አድራሻ ጋር ያስተያዩ።

መንስኤው ብዙ ጊዜ ያረጀ ቁጥር ነው። የአዲስ አበባ ስልኮች በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ከባለ 6 አሃዝ ወደ አሁኑ አሠራር ስለተቀየሩ ከዚያ በፊት ከታተመ የደብዳቤ ራስ ወይም ማውጫ የተገለበጠ ቁጥር ወደሚፈለገው ቢሮ አያደርስም። ሌላው ምክንያት የዋን ታች ቁልፎቹ፣ ማለትም አንዴ ሲጫኑ የተመዘገበውን ቁጥር የሚደውሉት ቁልፎች፣ ላይ ያለው የስም ወረቀት ነው፤ ቁጥሩ ተቀይሮ ስሙ ሳይቀየር ይቀራል። በአንድ ቁልፍ ሁለት ቁጥር በሚይዙ ማሽኖች ሺፍትን መርሳትም እንዲሁ ወደ ሌላ አድራሻ ይወስዳል። አዲስ ቁጥር በመዘገቡ ቁጥር መጀመሪያ ምሥጢር የሌለበት አንድ ገጽ ልከው በስልክ ይጠይቁ።

የተመዘገበው የመኖሪያ ቤት ስልክ ከሆነ ማሽኑ መልስ ሲያጣ በየጥቂት ደቂቃው እየደጋገመ ይደውላል። ያነሣው ሰው በየሦስት ሰከንዱ አጭር ጢጥታ ብቻ ይሰማል። ወረቀቱን ማውጣት አይበቃም፤ ከሜኑ ውስጥ የሚጠባበቀውን ሥራ ይሰርዙ።

የውጭ አገር ቁጥር አይያዝም

የመደመር ምልክት በብዙ ፋክስ ቁልፍ ላይ የለም፤ በቦታው 00 ይገባል። በቅንፍ ውስጥ ያለችው 0 ትቀራለች፦ +49 (0) 30 ብሎ የሚጀምር የበርሊን ቁጥር 00 49 30 ሆኖ ይመዘገባል። ጣሊያን ግን ከዚህ ደንብ ውጭ ናት፤ የሮም 06 ከነ 0ዋ 00 39 06 ተብላ ትገባለች።

ጥሪው ደርሶ ከመያያዙ በፊት ማሽኑ ከዘጋ፣ ግንኙነቱ ስለሚዘገይ የመጠበቂያ ጊዜው አልቆ ነው። በብዙ ማሽኖች ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ሁለት ፖዝ መጨመር ጊዜውን ያራዝማል። ተያይዞ በመሐል ከተቋረጠ ኦቨርሲስ ሞድ የሚባለውን የውጭ አገር መላኪያ ዘዴ ያብሩ፣ ከሌለውም ፍጥነቱን ወደ 9600 ያውርዱ።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ዝርዝሩ ባዶ ሆነ

አንዳንድ አሮጌ ማሽን ቁጥሮቹን የሚይዘው በውስጥ ባትሪ ነው፤ ባትሪው ሲሞት ሁሉም ይጠፋል። ባትሪውን ባለሙያ ይቀይረው፤ እስከዚያው የታተመው ዝርዝር ቁጥሮቹን መልሶ ለማስገባት ይበቃል።

በግሩፕ ሲላክ አንዳንዱ ጋ አይደርስም

ግሩፕ ማለት በአንድ ጊዜ የሚላክላቸው ተቀባዮች ስብስብ ነው፤ የሚጠራውም የአጭር ቁጥሮቹን ቦታ ነው። ቦታ 07 ላይ የነበረው ተሰርዞ ሌላ ከተተካ ግሩፑ ሳይነገረው ወደ አዲሱ ሊልክ ይችላል፤ ከቀየሩ በኋላ የግሩፑንም ዝርዝር ያትሙ። ሜሞሪ ፉል ካለ ደግሞ ለብዙ ሰው ሲላክ ገጹ ሁሉ አስቀድሞ ማስታወሻው ውስጥ ስለሚገባ ነው። ጥራቱን ከፋይን ወደ ስታንዳርድ ያውርዱ፣ ካልበቃም ሰነዱን በአምስት በአምስት ገጽ ከፍለው ይላኩ።