ኤምጂቢ ሲሞቅ ለምን ይጠፋል?

ኤምጂቢ የድሮ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ነው። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ግማሽ ሰዓት ያህል ሸጋ ሆኖ ይሄዳል። ከዚያ ዳገት ላይ ይንተፋተፋል፣ በጭስ ማውጫው ይተኩሳል፣ ቀጥ ይላል። ሃያ ደቂቃ ሲያርፍ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሶ ይነሳል።

ከ1962 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. አቢንግደን የተሠሩትን እነዚህን መኪኖች ይዘው እንግሊዝን የሚዞሩ ሰዎች መጀመሪያ የሚረግሙት ቤንዚኑን ነው። በ2021 የመጣው ኢ10 (እስከ 10 በመቶ ኤታኖል ያለበት ቤንዚን) የድሮ ጎማ ቱቦ ይበላል፤ ይህ እውነት ነው፣ ቱቦው ይቀየር። ሞቆ ለሚጠፋ መኪና ግን እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ኮንደንሰሩን ነው፤ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ያለውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ።

ፑንቲናዋ (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የምትከፈትና የምትዘጋዋ መገናኛ) ስትከፈት የቦቢናው (የብልጭታውን ኃይል የሚፈጥረው ጥቅልል) ጅረት ድርግም ብሎ መቆረጥ አለበት። ይህን የሚያደርገው ኮንደንሰሩ ነው። እሱ ሲከዳ ኃይሉ ካንዴላ ጋ ሳይደርስ ፑንቲናዋ ላይ ይቃጠላል። ዛሬ የሚሸጡት ርካሾቹ ሲሞቁ ይከዳሉ፣ ሲቀዘቅዙ ይመለሳሉ። ስለዚህ ቤት ወስዳችሁ ብትለኩት "ደህና" ይላችኋል። አትመኑት።

ምርመራው ቀላል ነው። መኪናው እንደጠፋ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አንሱና ሰው ሞተሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን) ይምታ። ፑንቲናዋ ላይ ትንሽ ብልጭታ ያለ ነው። ወፍራም፣ ብየዳ የሚመስል ብልጭታ ካያችሁ ኮንደንሰሩ ሄዷል።

አንዱ ደንበኛ ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ባለው የሃርድኖት ተራራ መንገድ ላይ ቆመበት፤ 33 በመቶ የሚደርስ ዳገት ነው። ሁለቱንም ካርቡሬተር አስቀየረ፣ ፓምፕ አስቀየረ፣ የቤንዚን ቱቦውን በአልሙኒየም ጠቀለለው። መኪናው ያው መጥፋቱን ቀጠለ። መፍትሄው የጥቂት ፓውንድ ዕቃ ነበር። ሌላው ደግሞ "ኮንደንሰሩማ አዲስ ነው፣ ባለፈው ሳምንት ነው የገባው" ብሎ ሞገተኝ። አዲስ መሆኑ ነበር ችግሩ!

መንገድ ላይ ከሆናችሁ ዲስትሪቢዩተሩን አትፍቱ። አሮጌውን ኮንደንሰር ብቻ ንቀሉት። የመለዋወጫውን ኮንደንሰር ሽቦ ከቦቢናው ወደ ዲስትሪቢዩተር በሚሄደው ጫፍ ላይ እሰሩ፤ አካሉን ባዶ ብረት ላይ በብሎን አጥብቁ። ቀለም ላይ ካሰራችሁት አይሠራም። ሽቦው ጭስ ማውጫውን አይንካ። ሞተር ጠፍቶ ቁልፉን ክፍት አትተዉ፤ ቦቢናውም ፑንቲናዋም ይቃጠላሉ። እንዲያውም ኮንደንሰሩ ከሞተሩ ሙቀት ራቅ ብሎ እዚያው ውጭ ቢቀር ይሻላል። ቤት ስትደርሱ የተበላችውን ፑንቲና ቀይራችሁ ክፍተቷን ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊሜትር አድርጉ።

ኮንደንሰር ተቀይሮም ካልተነሳ ሮተሩን (ከዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ስር የሚሽከረከረውን) እዩ። ሪቬት (የብረት ማያያዣ ሚስማር) ያለው ርካሽ ሮተር ብልጭታውን በሪቬቱ በኩል ወደ ዘንጉ ያፈሳል። ሪቬት የሌለውን ግዙ።

የቀሩት ብዙም አይገጥሙም። ነዳጅ ስትሰጡት ብቻ ከቆራረጠ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለችው ቀጭን የመሬት ሽቦ ተበጥሳ ሊሆን ይችላል። ቁልፍ ስትከፍቱ ከኋላ ቀኝ በኩል ፓምፑ ቲክ ቲክ ካላለ በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ብላችሁ ምቱት፤ ቤት ያደርሳችኋል። ቲክታው ካላቆመ ወይ ቤንዚን የለም ወይ አየር ይገባል።

ፑንቲና ሰለቸኝ ብላችሁ ኤሌክትሮኒክ ልትገጥሙ ከሆነ አንድ ነገር፦ እስከ 1967 የተሠሩት ከቦዲ ጋር የሚታሰረው የባትሪያቸው ፖዘቲቭ ነው። ሳታረጋግጡ ከገጠማችሁ ዕቃው ያኔውኑ ይቃጠላል፤ ሻጩም ገንዘብ አይመልስም።