ከእናት ወይም ከአባት ገንዘብ ስጦታና ብድር፦ በእንግሊዝና በዌልስ ወኪል የሆነ ልጅ ማወቅ ያለበት

እናታችሁ በመርሳት ሕመም ምክንያት ገንዘባቸውን መምራት ቢያቅታቸውና በኤልፒኤ (ሰው ገና መወሰን ሲችል ለኋላ ወኪሉን በሚሾምበት ሰነድ) የወከሏችሁ እናንተን ከሆነ፣ ከሒሳባቸው የመብራትም የኬር ሆምም (የእንክብካቤ መኖሪያ ቤት) መክፈል ሥልጣናችሁ ነው። ስጦታ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የ2005ቱ ሜንታል ካፓሲቲ አክት (ራሳቸው መወሰን ስለማይችሉ ሰዎች የወጣው ሕግ) አንቀጽ 12 ለወኪል የሚፈቅደው ስጦታ ጥቂት ነው። ኤልፒኤው ላይ «ልጄ የፈለገውን ይስጥ» ተብሎ ቢጻፍ እንኳ ሕጉን አያሰፋውም፤ ማጥበብ ግን ይችላል፤ ስለዚህ ሰነዱን መጀመሪያ አንብቡት። በኤልፒኤ ሳይሆን ፍርድ ቤት የሾማችሁ ወኪል (ዴፑቲ) ከሆናችሁ ደግሞ ልካችሁ የተጻፈው በሹመት ትእዛዙ ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት እሳቸው ራሳቸው መወሰን ይችሉ እንደሆነ እዩ። የመወሰን ችሎታ የሚመዘነው በየጉዳዩ ነው። ለልጅ ልጃቸው ልደት 20 ፓውንድ መስጠትን በደንብ የሚረዱ እናት፣ ቤታቸውን በስጦታ ማስተላለፍ ምን ማለት እንደሆነ ላይገባቸው ይችላል። ስጦታው ያላቸውን ዋና ንብረት የሚወስድ ከሆነ ኑዛዜ ለመናዘዝ የሚያስፈልገውን ያህል መረዳት አለባቸው። ከቻሉ ውሳኔው የእሳቸው ነው፤ ካልቻሉ ወደ አንቀጽ 12 ትመጣላችሁ።

አንቀጹ ለዘመድ ወይም ለቅርብ ሰው የሚሰጥ ስጦታን የሚፈቅደው በልማድ ስጦታ በሚሰጥበት ቀን ነው፦ ልደት፣ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ገና፣ ኢድ። መጠኑም ከሀብታቸው አንጻር ተገቢ መሆን አለበት። ለበጎ አድራጎት ድርጅት መስጠት ቀን አይጠብቅም፤ ነገር ግን ቀድሞ ይሰጡት የነበረ ወይም ይሰጡት ነበር ተብሎ የሚታሰብ መሆን አለበት። ቤተ ክርስቲያናችሁ በበጎ አድራጎት የተመዘገበች ከሆነ የቆየው መዋጮ በዚህ በኩል ያልፋል።

የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እናት በየወሩ ጎንደር ላለች እህታቸው 100 ፓውንድ ይልኩ ነበር እንበል። ልጅ ይህን ማስቀጠሉ ጽድቅ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ወርኀዊ መደጎሚያ የበዓል ስጦታ ስላልሆነ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይፈልጋል። የዕድር ክፍያ የራሳቸው ወጪ ነው። ዕቁብ ግን ይለያያል። ዕጣው ወጥቶላቸው ከሆነ ቀሪው መዋጮ ዕዳቸው ስለሆነ ይከፈላል። ካልወጣላቸው መቀጠሉ ገንዘባቸውን ያለ ወለድ ለሰው ማበደር ነው፤ የዕቁቡን ዳኛ ዕጣውን እንዲያስቀድምላቸው ለምናችሁ ብታስወጧቸው ይሻላል።

ያለ ወለድ የተሰጠ ብድር የቀረው ወለድ ያህል ስጦታ ነው። በእናት ቤት ያለ ኪራይ መኖር፣ ንብረታቸውን ከገበያ ዋጋ በታች ለዘመድ መሸጥም እንደዚያው ይታያል። ብድሩ ለእናንተ፣ ለትዳር ጓደኛችሁ ወይም ለልጃችሁ ከሆነ አበዳሪውም ተበዳሪውም እናንተው ናችሁ ማለት ነው፤ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ አትንኩት። ለፈቃድ ስታመለክቱም በጽሑፍ የሰፈረ ውል፣ ወለድ፣ የመክፈያ ጊዜና ዋስትና አቅርቡ፤ ብድሩ ለእሳቸው ምን እንደሚጠቅም ካላስረዳችሁ ግን ወረቀቱ ብቻውን አያድናችሁም።

«ተገቢ መጠን» የሚለውን በስሜት ሳይሆን በሒሳብ ፈትሹት። እናት 40,000 ፓውንድ አላቸው፣ ኬር ሆሙ በሳምንት 1,200 ያስከፍላል፣ ገቢያቸው በሳምንት 300 ነው እንበል። በየሳምንቱ 900 ከቁጠባ ይወጣል ማለት ነው። ለእህት ልጅ ሠርግ 5,000 ብትሰጡ ከ5 ሳምንት በላይ የሚያኖራቸውን ወሰዳችሁ። በእንግሊዝ ካውንስሉ ማገዝ የሚጀምረው ገንዘባቸው ወደ 23,250 ሲወርድ ነው፤ ወደዚያ ለመድረስ ተብሎ የተሰጠ ነገር ግን አሁንም በእጃቸው እንዳለ ሊቆጠር ይችላል። «7 ዓመት ካለፈ አይጠየቅም» የሚባለው የውርስ ግብር ደንብ ነው፤ ካውንስሉ ወደ ኋላ ለማየት እንዲህ ያለ ገደብ የለበትም።

ከአንቀጽ 12 ልክ የተሻገረ ስጦታ እንዲህ ያለውን ጉዳይ ለሚያየው ፍርድ ቤት፣ ለኮርት ኦቭ ፕሮቴክሽን፣ በእነዚህ ቅጾች ይቀርባል፦ ሲኦፒ 1፣ ሲኦፒ 1ሲ እና የመወሰን ችሎታቸውን መዝኖ ሐኪም ወይም ሌላ ባለሙያ የሚሞላው ሲኦፒ 3። በኑዛዜያቸው ላይ ድርሻቸው የሚነካባቸው ሰዎች እንዲያውቁት ይደረጋል። ወንድምና እህት ሁሉ ቢስማሙም ስምምነታቸው ፈቃድ አይሆንም። ከዚህ ሥርዓት የሚቀነስ አንድ ትንሽ ነገር አለ፦ ሀብታቸው ከ325,000 ፓውንድ በላይ የሆነ፣ ከ5 ዓመት በታች ዕድሜ እንደቀራቸው የሚገመት ሰው፣ ኑሯቸውና እንክብካቤያቸው የማይጎዳ ከሆነና ይቃወሙ ነበር የሚያሰኝ ነገር ከሌለ፣ በዓመት 3,000 ፓውንድ፣ እንዲሁም እስከ 10 ለሚደርሱ ሰዎች ለእያንዳንዳቸው 250 መስጠት ሳያመለክቱ ይቻላል። ይህ የመጣው በ2013 ከተሰጠ ፍርድ ነው። በዚያው ጉዳይ ከ230,000 ፓውንድ በላይ በስጦታ ያወጡ ሁለት ዴፑቲዎች ሹመታቸውን ተነጥቀዋል።

ለእያንዳንዱ ስጦታ ቀኑን፣ ተቀባዩን፣ መጠኑን፣ በዓሉን፣ ቀድሞ ምን ያህል ይሰጡ እንደነበርና እሳቸው ስትነግሯቸው ምን እንዳሉ ጻፉ፤ የጥንቱን የባንክ መግለጫም አትጣሉ። ሳታውቁ ከልክ ያለፈ ሰጥታችሁ ከሆነ ገንዘቡን አስመልሱ፣ መመለሱን በጽሑፍ ያዙ፣ ማስመለስ ካልተቻለ ደግሞ ወኪሎችንና ዴፑቲዎችን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት፣ ኦፊስ ኦቭ ዘ ፐብሊክ ጋርዲያን፣ ደርሶበት ሳይጠራችሁ ራሳችሁ አሳውቁና ፍርድ ቤቱ እንዲያጸድቀው አመልክቱ።