የጥምቀት ፎቶዎችን በጅምላ ታግ ስናደርግ፦ ችግርና መፍትሄ

ጥምቀት ባለፈ ማግስት ጎንደር ውስጥ ካሜራ ያለው ሰው ሁሉ ሥራው አንድ ነው፤ ያን ሁሉ ፎቶ ታግ ማድረግ፣ ማለትም በኋላ ተፈልጎ እንዲገኝ ፋይሉ ውስጥ መለያ ቃል መጻፍ። አንድ በአንድማ አይሞከርም። በጅምላ ሲሠራ ደግሞ ስህተቱም በጅምላ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ኮፒ አድርጋችሁ አምስት ፎቶ ላይ ሞክሩ።

«ሥላሴ» ብዬ ስፈልግ ግማሹ ብቻ ይመጣል

እኔን በጣም ያስለፋኝ ይሄ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴን አንዴ በ«ሥ»፣ አንዴ በ«ስ» ጽፌዋለሁ። «ብርሃን»ም «ብርሀን» ሆኖ ተገኘ። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሌላ ቃል ነው። መፍትሄው፦ በተሳሳተው ታግ ፈልጉ፣ የመጣውን ሁሉ ምረጡ፣ ትክክለኛውን ጨምሩ፣ ከዚያ የተሳሳተውን አጥፉ። ለወደፊቱ የቃላት ዝርዝር በአንድ ፋይል አስቀምጡና ከዚያ ኮፒ አድርጉ። በእጅ አትጻፉ። «ፀሐይ»ን ስንት ዓይነት እንደምንጽፋት ታውቃላችሁ።

አማርኛው የጥያቄ ምልክት ሆነ፣ ወይም ተቆረጠ

ጥፋቱ የአይፒቲሲ ነው፤ ፎቶ ፋይሉ ውስጥ ያለ የድሮ የታግ ሳጥን ነው። ኤግዚፍቱል (ታግ በትእዛዝ የሚጽፍ ፕሮግራም) የምትጠቀሙ ከሆነ ጽሑፉ ዩቲኤፍ-8 (አማርኛንም የሚይዝ የፊደል ኮድ) መሆኑን አብራችሁ ንገሩት። አንዴ «????» ሆኖ የተቀመጠው አይመለስም፣ እንደ አዲስ ይጻፋል። በዚያ ላይ አንድ ታግ ከ64 ባይት አያልፍም፤ አንዱ ፊደላችን ደግሞ 3 ባይት ይበላል። «ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን» ለጥቂት ያልፋል፤ «ጎንደር» ከጨመራችሁበት ይቆረጣል። አዲሱ የታግ ሳጥን ኤክስኤምፒ ላይ ብትጽፉት ይህ ጣጣ የለም።

የጥምቀት ፎቶ ከተራ ውስጥ ገባ

ካሜራው በሀበሻ ሰዓት ተሞልቷል። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ጥምቀተ ባህሩ ዳር ያነሳችሁት ሻማ ካሜራው ላይ 23:00 ነው፤ ገና ጥር 10። ሁሉንም መርጣችሁ 6 ሰዓት ጨምሩ፤ ቀኑም አብሮ ይስተካከላል። ካሜራውንም አስተካክሉት እንጂ፣ አለበለዚያ ለከርሞም ያው ነው።

የድሮው ታግ ጠፋ

አዲሱ ተክቶታል። ኤግዚፍቱል ላይ ከእኩል ይሆናል ምልክት በፊት የመደመር ምልክት ካላስገባችሁ ነባሩን ጠርጎ ይጽፋል። ደግነቱ ካልከለከላችሁት የመጀመሪያውን ፋይል እዚያው ፎልደር ውስጥ ያስቀምጥላችኋል።

በቴሌግራም ልካችሁ ከጠፋ ግን ሌላ ነው፤ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት።